ነጥቡን የጻፈው ማን ነው?

ስለ ሾፌር አልባ መኪና በሚወራበት ሁሉ «ማሽኑ ራሱ ይማራል» የምትል አባባል አትጠፋም። በዩቲዩብ ትንተና፣ በቴክኖሎጂ አምዶች፣ በኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ክርክር ላይ የመጨረሻ ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። ተከትሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው። ሰው ይደክመዋል፣ ይናደዳል፣ ይጠጣል፣ እየነዳ ስልክ ያያል፤ ማሽን ግን ሚሊዮን ጊዜ ተሳስቶ ሚሊዮን ጊዜ ይታረማል፣ በመጨረሻም ከሁላችንም የተሻለ ይነዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ የመወሰኑን ሥራ ለእርሱ እንተውለት፤ የቀረው የጊዜና የኮምፒውተር ጉልበት ጉዳይ ነው ይሉናል።

ይህን አልቀበልም። ማሽኑ የሚማረው ሰዎች ጽፈው በሰጡት ነጥብ ነው። ነጥቡን የጻፉት ሰዎች ደግሞ «ራሱ ተማረው» ከሚለው ወሬ ጀርባ ተከልለው፣ ማንም ስማቸውን ሳይጠይቅ መሥራት ለምደዋል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ የሚባለው ዘዴ በሽልማትና በቅጣት የሚካሄድ ትምህርት ነው። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ውጤቱ በቁጥር ይነገረዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ያንኑ መድገም፣ ዝቅ ካለ መተው ይለምዳል። ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ የሚነግረው የለም። የሚያውቀው ስንት ነጥብ እንዳገኘ ብቻ ነው። ሐሳቡ የዛሬ አይደለም፤ የአይቢኤሙ አርተር ሳሙኤል ከራሱ ጋር እየተጫወተ የሚሻሻል የዳማ ፕሮግራሙን ያስተዋወቀበትን ጽሑፍ ያሳተመው በ1959 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሪቻርድ ሳተንና አንድሩ ባርቶ በ1998 ዘርፉን በመጽሐፍ አደራጁት፤ ለሥራቸውም የ2024ን የቱሪንግ ሽልማት አገኙ። ይገባቸዋል። ከዘዴው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ዘዴው ከጨዋታ ገበታ ተነስቶ አስፋልት ላይ ሲወርድ ምንም እንዳልጎደለበት ከሚያስመስሉት ጋር ነው።

የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ምስክር አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ነው። በማርች 2016 ሴኡል ላይ የጎ ጨዋታ ሊቁን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ረታ። በዓመቱ አልፋጎ ዜሮ የተባለው ተተኪው መጣ፤ አንድም የሰው ጨዋታ ሳያይ በሦስት ቀን 4.9 ሚሊዮን ጊዜ ከራሱ ጋር ተጫወተና ሊ ሴዶልን ያሸነፈውን ቀዳሚውን 100 ለ 0 አሸነፈው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልተቋረጠም፤ ጎን በሦስት ቀን የተማረ መንዳትን ምን ሊያቅተው ነው?

የሚያቅተው ነገር አለ። በጎ ጨዋታ አሸናፊውን ደንቡ ራሱ ይናገራል። የእኛው ገበጣም እንዲሁ ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ጠጠር ይቆጠራል፣ ክርክር የለም። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነስቶ ዋሽንግተን ዲሲ የገባ ሰው ግን አሸነፈ ይባላል ወይስ ተሸነፈ? ደረሰ፣ በቃ። እንዴት ደረሰ የሚለው ነው ጉዳዩ። ዜብራው ጫፍ ላይ የቆሙትን እናት አሳልፎ ነው ወይስ እንዳላየ ሆኖ አልፎ? ለአምቡላንስ ጥግ ይዟል? ከጎኑ ያለው መኪና መግባት ሲፈልግ ቦታ ሰጥቷል ወይስ ጠግቶ ከልክሏል? ፍሬን በያዘ ቁጥር ከኋላ የተቀመጠውን ተሳፋሪ አንገት አላንገላታም? በመንገድ ላይ እነዚህን ሁሉ ደምሮ ውጤቱን የሚናገር ሰሌዳ የለም። ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ ደግሞ ከአንድ ቁጥር በቀር የሚያነበው ነገር የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው ተቀምጦ መጻፍ አለበት፤ ለአንድ ደቂቃ መዘግየት ይህን ያህል ይቀነስ፣ እግረኛ ለማስደንገጥ ይህን ያህል፣ የሌላ ሰው መስታወት ለመግጨት ይህን ያህል፣ ሰው ለመግደል ደግሞ ይህን ያህል።

ይህ የዋጋ ዝርዝር ነው። የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ በሙከራ ነው፤ ቁጥር ይሰጣል፣ መኪናው የማይፈለግ ነገር ካደረገ ቁጥሩ ይነካካል፣ እንደገና ይሞከራል። እንዲህ የሚጻፉ ቀመሮች ምን እንደሚመስሉ የመረመሩ ሰዎች አሉ። ብራድሊ ኖክስና ፒተር ስቶን ከቦሽ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በ2021 ባወጡት ጥናት በታተሙ የምርምር ሥራዎች ውስጥ ያሉትን የነጥብ ቀመሮች ሰብስበው ቀላል ጥያቄ ጠየቁ። በዚህ ቀመር ሒሳብ አንድ መኪና በየስንት ኪሎ ሜትሩ ቢጋጭ ነው ከመንዳት ይልቅ ቆሞ መዋሉ የሚሻለው? መልሱ አስደንጋጭ ነበር። ከመረመሯቸው መካከል እጅግ ጠንቃቃው ቀመር እንኳ ሰክረው ከሚያሽከረክሩ የ16 እና የ17 ዓመት አሜሪካውያን ወጣቶች በብዙ እጥፍ የሚጋጭን መኪና «ይንዳ» ብሎ ይፈቅድለት ነበር። የጻፉት ሰዎች ጨካኞች ወይም ሰነፎች ሆነው አይደለም። ፍርድን በቁጥር መግለጽ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ስለሆነ ነው።

«እነዚያ ለወረቀት የተጻፉ ናቸው፣ መንገድ ላይ የወጣ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። መልካም። መንገድ ላይ የወጣው የታለ? የምርምሩን ስህተት ያወቅነው ስለታተመ ነው። የኩባንያዎቹ የንግድ ምስጢር ተብሎ ተዘግቶበታል።

ሌላም ከውጭ የማይታይ ቁጥር አለ። በዚህ ዘዴ ነገ የሚገኝ ነጥብ ዛሬ ከሚገኘው አንሶ ይቆጠራል፤ ምን ያህል እንደሚያንስ የሚወስነው አንድ ማባዣ ነው። ብዙዎች የሚመርጡት 0.99ን ነው። ቅናሹ ምንም አይመስልም። መኪናው በሰከንድ አሥር ጊዜ የሚወስን ከሆነ ግን 0.99 መቶ ጊዜ በራሱ ይባዛና ከአሥር ሰከንድ በኋላ የሚደርሰው ነገር ክብደቱ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የሚደርሰው ወደ 5 በመቶ። ጠንቃቃ ሾፌር ሩቅ ያለውን የትምህርት ቤት ደጅ አስቦ ገና ሳይቃረብ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳል፤ በዚህ ሒሳብ ግን ያ ሁሉ ማሰብ የሚያወጣው ከሃያ አንድ እጅ ነው። ማባዣውን ወደ 0.999 ከፍ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ትምህርቱ ይከብዳል፣ የኮምፒውተሩም ወጪ ይጨምራል። አርቆ ማሰብ እዚህ ቤት በጀት የሚመደብለት ነገር ነው፤ በጀቱን የሚመድበው ደግሞ ሰው ነው።

ፕሮግራሙ የተጻፈለትን እንጂ የታሰበለትን እንደማያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኦፕንኤአይ በ2016 መጨረሻ ኮስትራነርስ በተባለ የጀልባ እሽቅድምድም ጨዋታ ላይ ያደረገውን ሙከራ ይፋ አድርጎ ነበር። ጨዋታው ነጥብ የሚሰጠው በመንገዱ ላይ ያሉትን ኢላማዎች ለመታ ነው። ፕሮግራሙ ከውድድሩ መስመር ገለል ያለ ቦታ አገኘና እዚያው እየዞረ፣ ሦስት ኢላማዎች እንደገና ብቅ ባሉ ቁጥር ይመታቸው ጀመር። ጀልባዋ በእሳት እየነደደች፣ ከሌሎች ጀልባዎች ጋር እየተላተመች፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄደች። ውድድሩን አልጨረሰችም። ነጥቧ ግን ከሰው ተጫዋቾች አማካይ በ20 በመቶ በለጠ። ድርጅቱ ራሱ ይህን ያሳየው ለማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን የሰማ ሰው አልፋጎን በጠቀሰ ቁጥር ጀልባዋንም ይጠቅስ ነበር።

ዌይቭ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2018 ያደረገው ሙከራም ብዙ ተወርቶለታል። አንዲት ትንሽ የሬኖ ኤሌክትሪክ መኪና 250 ሜትር በሚሆን የገጠር መንገድ ላይ መስመሯን ይዛ መሄድ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ልምምድ ተማረች። ጽሑፉ «በአንድ ቀን መንዳት መማር» የሚል ርዕስ ተሰጠው፤ ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ተደነቀ። ነጥቡ ምን እንደነበር ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። ነጥቡ የደኅንነት ሾፌሩ መሪውን ሳይነጥቃት የሄደችው ርቀት ነበር። አደገኛ የሆነውንና ያልሆነውን ለይቶ «አሁንስ በቃ» ይል የነበረው ከመሪው ጀርባ የተቀመጠው ሰው ነው። የዚያ ሰው የዓመታት ልምድ በየቅጽበቱ ወደ ነጥብ እየተለወጠ ሲገባ ቆየና፣ በመጨረሻ ምስጋናውን ማሽኑ ወሰደ። ማስተማር በዚህ ዘመን የማይታይ ሥራ ሆኗል።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ከነጥቡ አጻጻፍም ይከፋል። ትልቁ ስህተት ብርቅ ነው። በአሜሪካ የሰው ሾፌር በየ100 ሚሊዮን ማይሉ በአማካይ የሚያደርሰው ሞት ከአንድ ብዙም አይበልጥም። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2016 ይህን ይዞ አሰላ። ሾፌር አልባ መኪኖች ከሰው እንደማይብሱ በሞት ቁጥር ብቻ ለማረጋገጥ 275 ሚሊዮን ማይል ያለ አንድ ሞት መሄድ አለባቸው፤ መቶ መኪኖች ቀንና ሌሊት፣ ዓመት ሙሉ፣ በሰዓት 25 ማይል ቢነዱ 12 ዓመት ተኩል ይፈጃል። ይህ ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ከቅጣት ለመማር ደግሞ ስህተቱ መድረስ አለበት፣ ያውም ተደጋግሞ።

የኢየሩሳሌሙ ሞባይልአይ ሰዎች፣ ሻይ ሻሌቭ-ሽዋርትዝና አምኖን ሻሹዋ ከባልደረባቸው ጋር በ2016 ይህንኑ በሒሳብ አሳይተዋል። አደጋ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ቅጣቱ ብርቅነቱን የሚያካክስ ግዙፍ ቁጥር ካልሆነ ፕሮግራሙ አደጋን እንደ ተራ ወጪ ይቆጥረዋል፣ ቶሎ ለመድረስ የሚከፈል ዋጋ አድርጎ። ቅጣቱ ግዙፍ ሲሆን ደግሞ ትምህርቱ በሙሉ በአንድ ክስተት ይናወጣል፤ የረጋ ነገር አይገኝም። እነዚህ ሰዎች የቴክኖሎጂ ጠላት አይደሉም፤ እንጀራቸው ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። ልቅደም ወይስ ላሳልፍ፣ አሁን ልግባ ወይስ ልጠብቅ የሚለውን ፍላጎት በትምህርት እንዲመጣ ተዉት። «ይህን ያህል ርቀት ጠብቅ፣ እዚህ ላይ ፍሬን ያዝ» የሚለውን ግን ከትምህርቱ አውጥተው፣ ማንም በነጥብ ሊሽረው የማይችል ጥብቅ ደንብ አድርገው ለብቻው ጻፉት። በዓመቱ ያንን ደንብ በቀመር አሳተሙት፣ ሰው እንዲያነበውና እንዲተቸው። በቀመሩ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፣ ወደፊትም ይኖራል። ቁም ነገሩ መተቸት መቻሉ ነው።

አሁን ጠንካራው ተቃውሞ ይምጣ። «አደጋውን መንገድ ላይ ማድረስ ለምን ያስፈልጋል? መንገድን በኮምፒውተር የሚያስመስል ሲሙሌተር አለ። እዚያ ሚሊዮን ጊዜ ይገጭ፤ የሚሞት የለም።» ሳተን ራሱ በ2019 በጻፈው «መራራው ትምህርት» በተሰኘ አጭር ጽሑፉ፣ በሰባ ዓመት የዘርፉ ታሪክ የሰውን ዕውቀት በማሽን ውስጥ ለመክተት የደከሙ ሁሉ በመጨረሻ በኮምፒውተር ጉልበት ብቻ በሄዱት ተበልጠዋል ይላል። ብዙ ወጣት ኢንጂነሮች ይህን ጽሑፍ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግሙታል።

የሲሙሌተሩ ታሪክ ግን እንደሚወራው ቀጥ ያለ አይደለም። ካርላ የተባለው ታዋቂ ሲሙሌተር በ2017 ሲወጣ ሠሪዎቹ ሦስት ዘዴዎችን አወዳድረው ነበር። ከሰው አነዳድ 14 ሰዓት ያህል ቀረጻ አይቶ የኮረጀው ፕሮግራም፣ 12 ቀን ያህል ያለማቋረጥ በነጥብ ከተለማመደው በልጦ ተገኘ። በእርግጥ ያ ቆይቷል። በ2025 የአፕል ተመራማሪዎች ጊጋፍሎው በተባለ ሥራቸው 1.6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በሲሙሌተር ያስነዱት ፕሮግራም የሰው አነዳድ ቀረጻ ሳያይ በታወቁ መለኪያዎች የቀደሙትን በለጠ፤ በሲሙሌተሩ ውስጥም በአማካይ 17 ዓመት ተኩል የማያቋርጥ ጉዞ አድርጎ አንድ ችግር ያጋጥመዋል ተባለ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ላጣጥለው አልሞክርም። ነገር ግን በዚያ ዓለም የሚገናኛቸውን ተሽከርካሪዎች ሁሉ የሚነዳው ያው አንድ ፕሮግራም ነው፤ ጠባያቸው በቁጥር ይለያያል እንጂ አእምሯቸው አንድ ነው። ካሜራም አያስፈልገውም፤ ማን የት እንዳለ በቀጥታ ይነገረዋል። በገሃዱ መንገድ እኮ ግማሹ መከራ ያየኸው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ነው።

ሲሙሌተርም ጸሐፊ አለው። የጻፈው ሰው በበዓል ዋዜማ በግ የሚነዱ ሰዎች ቀለበት መንገድን ሲሻገሩ አይቶ ካላወቀ ማሽኑም አያይም። መገናኛ ላይ የታክሲ ረዳት በመስኮት እጁን አውጥቶ «አሳልፈኝ» ሲል፣ ያ እጅ ልመና ነው ትእዛዝ? ይህን የምለው ሾፌር አልባ መኪኖች ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ይገባሉ ብዬ አይደለም። እነዚህ መኪኖች የሚሠሩባት የአሜሪካዋ ከተማ የፊኒክስ ሰፊ መንገድ የዓለም መንገድ ሁሉ ምሳሌ ተደርጎ ሲቀርብ ዝም ማለት ስለማይገባ ነው። በዓለም የመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ የሾፌር አልባ መኪና ጠበቆችም ይህን ቁጥር መጥቀስ ይወዳሉ። ከሟቾቹ የሚበዙት ግን ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የእነርሱን ሞት የሚቀንሰው የእግረኛ መንገድ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና የመንገድ መብራት ነው።

«ዌይሞስ?» ይባላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዌይሞ የተባለው የሾፌር አልባ ታክሲ ኩባንያ መኪኖች እስከ ጃንዋሪ 2025 ድረስ ያለ ሾፌር 56.7 ሚሊዮን ማይል ነድተዋል፤ የኩባንያው ተመራማሪዎች አሳትመው ባቀረቡት ጥናት በእነዚያው ከተሞች ካለው የሰው አነዳድ ጋር ሲነጻጸር እግረኛ የተጎዳባቸው ግጭቶች በ92 በመቶ ያነሱ ናቸው። ጥናቱ የኩባንያው የራሱ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ቢሆንም ቁጥሩን ወስጄ ልከራከር። ይህን ውጤት ያመጣው ምንድን ነው? አስቀድሞ በዝርዝር የተነደፈ ካርታ፣ በጨረር ርቀት የሚለካ ሊዳር፣ ራዳር፣ ካሜራ፣ ከሰው አነዳድ የተማሩ ሞዴሎች፣ በላያቸው የተደረቡ ፍተሻዎች፣ መኪናው ግራ ሲገባው ከሩቅ የሚመልሱለት ሠራተኞች፣ ከተማ በከተማ የተደረገ የዓመታት ጥንቃቄ። የኩባንያው ተመራማሪዎች በ2022 ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግን ያሳዩበት ጥናት ርዕሱ «መኮረጅ ብቻውን አይበቃም» የሚል ነው። ከ100 ሺህ ማይል በላይ የሰው አነዳድ አስኮርጀው፣ በላዩ ላይ ግጭትንና ከመንገድ መውጣትን የሚቀጣ ቀላል ነጥብ ጨመሩበት፤ እጅግ አስቸጋሪ በሆኑት ሁኔታዎች ስህተቱ ከ38 በመቶ በላይ ቀነሰ። ግሩም ነው። ግን ልብ በሉ፤ ዋናው አስተማሪ ሰው ነው፣ ነጥቡ ማረሚያ ነው። ዌይሞን ጠቅሶ «ማሽን በራሱ ሙከራ መንዳት ተማረ» የሚል ሰው ለእኔ ወገን እየመሰከረ ነው።

የዚህ ሁሉ ክርክር እምብርት ግን ብቃት አይደለም፤ ተጠያቂነት ነው። በማርች 18 ቀን 2018 ቴምፒ፣ አሪዞና ውስጥ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ ያገኘው ነገር በዝርዝር ተጽፏል። መኪናው ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። አንዴ መኪና፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ሲቀያይር ቆየ፤ ከዜብራ ውጭ የሚሻገር እግረኛ በሥርዓቱ ውስጥ አልታሰበም ነበር። ከሁሉም በላይ ግን፣ አደጋ ሲታይ መኪናው ወዲያው ፍሬን እንዳይዝ የሚያግድ የአንድ ሰከንድ ማዘግያ ሰዎች አስበውበት አስገብተው ነበር። ምክንያቱም የሐሰት ማንቂያ ይበዛ ስለነበር፣ ያለ ምክንያት የሚይዝ ፍሬን አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። መኪናው ቮልቮ ነበር፤ የራሱ ድንገተኛ ፍሬንም ፕሮግራሙ ሲነዳው እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር።

ያ ሥርዓት በነጥብ የተማረ አልነበረም። ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። ያ አንድ ሰከንድ በኮድ ተጽፎ ስለነበር መርማሪዎች አገኙት፤ «ይህን ማን አስገባ፣ ለምን?» ብለው መጠየቅ ቻሉ። ያው ምርጫ በነጥብ ቢገለጽ ኖሮስ? «ያለ ምክንያት ለተያዘ ፍሬን ይህን ያህል ይቀነስ» ተብሎ ይጻፍና መኪናው ከሚሊዮን ልምምድ በኋላ ማመንታትን ይለምዳል። ማመንታቱ በየትኛውም መስመር ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትንንሽ ቁጥሮች ውስጥ ተበትኗል። ያን ጊዜ መርማሪው ምን ይዞ ይጠይቃል? በቴምፒው ጉዳይ እንኳ፣ ሁሉም ነገር ተጽፎ በተገኘበት፣ ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውን በወንጀል አልከሰሰም፤ የተከሰሰችው ከመሪው ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ ነበረች፤ በ2023 ጥፋተኝነቷን አምና የሦስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት ተወሰነባት። ኮዱ በሚነበብበት ዘመን ይህ ከሆነ ኮዱ የማይነበብበትን ዘመን አስቡት።

የቴስላውም ተመሳሳይ ነው። በፌብሩዋሪ 2022 ከ53 ሺህ በላይ መኪኖች እንዲስተካከሉ ተደረገ፤ ፕሮግራማቸው የቁም ምልክት ያለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም በሰዓት እስከ 5.6 ማይል እየተንከባለለ እንዲያልፍ ስለሚፈቅድ። ታስቦበት የገባ ነገር ነበር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሊያስወጣው የቻለው ስም ያለው፣ ተጽፎ የሚገኝ አሠራር ስለነበረ ነው። ይህንኑ ጠባይ መኪናው ጊዜ ለመቆጠብ ከሚሰጠው ነጥብ ተምሮት ቢሆን፣ «እኛ አላዘዝነውም» ብሎ እጅ መታጠብ ይቻል ነበር። ከደሙ ንጹሕ መሆን እንዲህ ርካሽ መሆን የለበትም።

ዌይሞ በ2026 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አገልግሎት የመጀመር ዕቅድ እንዳለው በማርች 2025 አስታውቋል። በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት እየነዱ ልጅ ያሳደጉ፣ አገር ቤት ቤተሰብ የደገፉ ኢትዮጵያውያን ስንት እንደሆኑ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አይነገርም። የእንጀራው ጉዳይ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እዚህ አልገባበትም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እነዚያ ሾፌሮች ተፈትነው መንጃ ፈቃድ አውጥተዋል፤ ጥፋት ሲሠሩ ትኬት ይቀበላሉ፣ ኢንሹራንሳቸው ይጨምራል፣ ፍርድ ቤት ይቆማሉ። አንዱ በቀይ መብራት አልፎ ዳኛው «ለምን?» ቢለው «ልምዴ እንዲህ አስተምሮኝ ነው» ማለት አይችልም። ከሰው የምንጠይቀውን ያህል ከኩባንያ ካልጠየቅን ሕጉ የተጻፈው ለደካማው ብቻ ነው ማለት ነው።

ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ ይቅር አልልም። ከሰው የተማረውን አነዳድ ያርም፤ መቼ መቅደም፣ መቼ መታገሥ እንደሚሻል ይለማመድ፤ በሲሙሌተር ውስጥ ማንም ያላሰበውን አደገኛ ሁኔታ እየፈለገ ያውጣ። ለዚህ የመጨረሻው በጣም ተስማሚ ነው፤ ለጥቅሙ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። የማይነኩት ነገሮች ግን፣ የርቀት ገደቡ፣ የቁም ምልክቱ፣ ለእግረኛ መቆሙ፣ ከነጥብ ውጭ ተጽፈው መቀመጥ አለባቸው፤ ምንም ያህል ጊዜ ቢቆጠብ የማይሸጡ ሆነው። የነጥቡ ዝርዝርም ከማባዣው ጋር ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይቅረብ፣ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ይቅረብ፣ በሥሩም የወሰነው ሰው ይፈርምበት። የመድኃኒት ኩባንያ በብልቃጡ ውስጥ ያለውን ሳይናገር አይሸጥም። ምስጢር የሚባል ሰበብ በሰው ሕይወት ላይ አይሠራም።

በከተማችሁ የሾፌር አልባ መኪና ፈቃድ ጉዳይ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ፣ የምክር ቤት አባላችሁ ዘንድ ሄዳችሁ ይህን ጠይቁ፤ ሰው ለመግጨት ስንት ነጥብ ይቀነሳል? ለመዘግየትስ ስንት? ሁለቱን ያመዛዘነው ማን ነው፣ ፊርማውስ የት አለ? እነዚህን በጽሑፍ የማይመልስ ኩባንያ ፈቃድ አይሰጠው።